እስከ መሳለሚያው

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስብሰባ ነበር። ለስብሰባ ሌላ አለኝ፤ ይኼኛው ለራሴ ይሁን። የማናግረው ሰው ሳጣ ጨጓራዬ ነው የሚናገረው። ሐኪሙ «ብስጭት ቀንሺ» ብሎኛል፤ ብስጭት እንደ በርበሬ በማንኪያ የሚቀነስ ይመስል።

ዛሬ ሰርኩላር መጣ። ሰቆጣ ሰፍታለችና ከተማው እንደ አዲስ በቀበሌ ይከፋፈላል። የእኛ ቀበሌ፣ ቀጭን ውሃ፣ እስካሁን ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ሆኖ ነው የኖረው። አስፋልቱ ዳር ጋራዥና ምግብ ቤት ነው፤ ወደ ወንዙ ሲወርዱ እርሻ ነው። ከእንግዲህ ግን መሃል ሰፋሪ መሆን ቀረ። ከመስመሩ ወዲህ ያለው የከተማ ቀበሌ ይሆናል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ለጎረቤት የገጠር ቀበሌ ይሰጣል። ወዲህ የገባ ሰው ውሃና መብራት፣ ውሎ አድሮም የቤት ካርታ ያገኛል፤ እርሻው ግን የከተማ መሬት ይሆንና በካሳ ይወሰዳል። ወዲያ የቀረ እርሻውን ይዞ ይኖራል፤ ለመታወቂያም ለማዳበሪያም ግን ተራራ መውጣትና መውረድ ይጠብቀዋል።

መስመሩ የት ነው? ሊቀመንበራችን አቶ ቅጣው የጠየቀኝ ይኼንኑ ነው። እሱ የጋዝጊብላ ሰው ነው፤ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። «ሰገነት፣ የአገሩ ልጅም ሥራ አስኪያጇም አንቺ ነሽ። ለባለሙያው ወሰኑን የምታሳይው አንቺ ነሽ» አለኝ። የድሮው ሰነድ በጦርነቱ ጊዜ ከነቢሮው ተቃጥሏል። ስለዚህ አሁን ወሰኑ ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ራት ላይ ለአባ ነገርኳቸው። አባቴን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አባ ነው የምላቸው። የቄስ ልጅ ሆኖ መወለድ እንዲህ ነው፤ አባትሽን ከደብሩ ሁሉ ጋር ትካፈያለሽ። በልተው ጨረሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ «ቤተ ክርስቲያን ለሁለት አይከፈልም» አሉ። ማን ቤተ ክርስቲያን ይከፈል አለ? እኔ ያወራሁት ስለ ቀበሌ ነው። ለእሳቸው ግን አንድ ነው። የገብርኤላችን ምእመን ግማሹ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። የማዶው የገጠር ቀበሌ ደግሞ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀምሯል፤ ድንጋይ የሚያመላልስ ሰው ይፈልጋል፣ ነገ ደግሞ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ይፈልጋል። አባ ይኼን ሲያስቡ ጢማቸውን ይነጫሉ። ዛሬ በጣም ነጩት።

ሚያዝያ 23

ነገ ነው። ባለሙያው በጠዋት ይመጣል። የማዶው ቀበሌ ተወካይ ለቅሶ ገጥሞት አይመጣም፤ «እናንተው ጨርሱት፣ እናምናችኋለን» ብሎ ደወለ። እንዲህ ያለው እምነት ያስፈራኛል። አባም እመጣለሁ አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ተጀመረ፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ሙሉሰው ይባላል። በአንድ እጁ ጂፒኤስ፣ በሌላው ቀይ ቀለም የሞላ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ሳቂታ ልጅ ነው። «እትዬ ሰገነት፣ አንቺ ቅደሚ፤ እኔ ሳተላይቱን ይዤ እከተላለሁ» ይለኛል። ከአስፋልቱ ተነሥተን በጋራዡ ጀርባ፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ ዳር ወረድን። አቶ ቅጣው ስልክ እያወራ ወደ ኋላ ቀረ። አባ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከእኔ እኩል ይራመዳሉ፤ እንዲያውም ቁልቁለቱ ላይ ቀደሙኝ።

ወንዙ ዳር የድሮ ካብ አለ። ፈርሶ ፈርሶ ጉልበት አይደርስም። እዚያ ስደርስ እግሬ ትንሽ ዘገየ። አባ ካቡ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። ሙሉሰው «እዚህ ነው?» አለ። ወደ አባ አየሁ። ከክራቸው ቀና አላሉም። «አይ፣ ወዲያ ነው» አልኩና ውሃውን ተሻገርኩ።

ከዚያ በኋላ እግሬ ራሱ መራኝ። በማዶ ሰፈር ጀርባ፣ በክርስትና እናቴ በእማማ ጥሩሐረግ ማሳ ዳር፣ ከዚያ ሽቅብ እስከ መሳለሚያው። መሳለሚያው ጉብታው ጫፍ ላይ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ገብርኤልን መጀመሪያ የሚያየው፣ ቆሞም የሚሳለመው እዚያ ነው። ከጥምቀት ሲመለሱ የእኛ ታቦትና የጎረቤት ደብር ታቦት የሚለያዩትም እዚያ ነው። ልጅ ሳለሁ እልል እያልኩ እስከዚያ ሸኝቼ እመለስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው አገር ነው። ወሰኑ የት ነው ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ የት ልል እችላለሁ? ደግሞም ከጦርነቱ ወዲህ የማዶ ሰው እርዳታ የሚቀበለው ከእኛ ቢሮ ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ለእኛ ባዕድ አይደሉም።

ሙሉሰው አንዱን ትልቅ ድንጋይ ቀይ ቀባው። አባ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት፤ የተደሰቱ መሰለኝ። ስንመለስ በላይኛው መሻገሪያ አድርጌ አመጣኋቸው። በካቡ በኩል ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ሚያዝያ 29

ካርታው ታትሞ መጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። አቶ ቅጣው «ከሁሉም ቀበሌ ቀድመን ጨረስን» ብሎ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠራ። አባ ዛሬ ጠዋት ሳልጠይቃቸው መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት፣ ሥራ እስካረፍድ ድረስ። ጨጓራዬም ዝም ብሏል። ነገር ሲያምር ለምን እንደምፈራ አላውቅም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

በመስመሩ ውስጥ ያለ እርሻ ሁሉ ለካሳ እስኪለካ ድረስ እንዳይታረስና እንዳይዘራ ታገደ። ማስታወቂያው ቢሮአችን በር ላይ ተለጥፏል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሙጫው አሁንም ጣቴ ላይ አለ።

እንዲህ ዓይነት እገዳ እንዳለ አላወቅኩም ነበር። አቶ ቅጣው «ሰርኩላሩ ላይ እኮ አለ» አለኝ። አለ፤ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ያኔ ስጣደፍ ዘልዬው ይሆናል። ደግሞ ማን ነው ሰርኩላር እስከ መጨረሻው የሚያነብ?

የማዶ ሰው ሁሉ ከመስመሩ ውስጥ ነው። እማማ ጥሩሐረግ ያለቻቸው ያቺ አንድ ማሳ ናት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በእኩል እያሳረሱ የሚኖሩባት። ካሳው መቼ ይመጣል ብዬ ጠየቅኩ። «ይመጣል» አሉኝ። ዝናቡ ግን ካሳን አይጠብቅም።

ግንቦት 6

ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሴቶች እኔን አላዩኝም፣ ወይም አይተውኛል።

«የቄሱ ልጅ እኮ ናት ያስገባቻቸው።»

«ለምን ብላ?»

«ለአባቷ ደብር ሰው ልታበዛ ነዋ! ሰው ሲበዛ ሙዳየ ምጽዋቱ ይሞላል።»

ሳልደርስ ወረድኩ። ውሸት ነው። አባ ከዚያ ሙዳይ አንድ ሳንቲም ነክተው አያውቁም። እኔም ለደብሩ ብዬ ያደረግኩት ነገር የለም። የማውቀውን አሳየሁ። የማውቀውን ነው ያሳየሁት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደህና ዝናብ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ከቢሮው መስኮት ሲታይ አገሩ ሁሉ በሬ ጠምዷል፤ ማዶ ብቻ ጭር ብሏል። ያን ጭርታ ላለማየት ወንበሬን አዞርኩ።

አመሻሹ ላይ እማማ ጥሩሐረግ ቤት መጡ። አባ የእሳቸውን መምጣት ከሩቅ አይተው «ለሠርክ ጸሎት ደረሰብኝ» ብለው በጓሮ በር ወጡ፤ ዛሬ የሠርክ ጸሎት ያለባቸው ቀን አልመሰለኝም፤ እንጃ። እማማ ነጠላቸው ረጥቧል። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ልቆጣሽ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እኛ የከተማ ነን ብሎ የነገረሽ ማነው?»

«ማንም አልነገረኝም፣ እማማ። የገብርኤል ሰው አይደላችሁ? አጥቢያው እስከ መሳለሚያው አይደል?»

«አጥቢያውማ ነው። አጥቢያና መሬት ምን አገናኘው?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቀረ። «መሬት የተደለደለ ጊዜ፣ በደርግ፣ የእናንተ ገበሬ ማኅበር የሚያልቀው ካቡ ጋ ነበር። ከካቡ ወዲያ ሌላ ማኅበር ነው። ባለቤቴ ድንጋይ ሲያቀብል እኔ ውሃ ሳመላልስ ነበርኩ። አባትሽም ነበሩ። ያኔ ወጣት ዲያቆን ናቸው፤ ጽሕፈት የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ የማኅበሩ ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ።»

«አባ አርጅተዋል፣ ይረሳሉ» አልኩ። እማማ አዩኝ፤ ከዚያ እሳቱን አዩ። ሲወጡ ጉንጬን ሳሙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 15

አቶ ቅጣውን ጠየቅኩት፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጠይቅ ሰው አድርጌ። «መስመር ላይ ስህተት ቢገኝ ይታረማል?»

«ምክር ቤቱ ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ ውይይት አለ። እዚያ ላይ የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ ያሳያል። ግን መሬት ያለው ሰው አይሆንም፤ ለራሱ ነዋ የሚመሰክረው። ምንም የማያገኝበት ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው።» ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው።»

ቤት ስደርስ አባን «ያ ወንዙ ዳር ያለው ካብ የምንድነው?» አልኳቸው። መጽሐፍ ይደግማሉ። ሳይነሡ «የድሮ ነገር ነው፤ ዓይኔም ልቤም ደክሟል፣ ምኑን አስታውሳለሁ» አሉ። እውነት ነው፣ ደክመዋል። የሚደግሙት ግን ያችን በጣም ደቃቅ ጽሕፈት ያላትን ድርሳን ነበር፤ በጭላንጭል፣ ያለ መነጽር። በቃላቸው ስለሚያውቋት ይሆናል።

ግንቦት 21

እንቅልፍ የለም። ጨጓራ። የማዶ ሰዎች ቢሮ መጥተው ጠዋቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ምንም አልጠየቁም፣ ተቀመጡ ብቻ። እርስ በእርስ በኽምጣንኛ ያወራሉ። እሰማለሁ እኮ! የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እንደማልሰማ ሆኜ ማህተም መታሁ። ከመካከላቸው አንዱ «ከእናቷ ወገን ብትሆን ይኼን አታደርግም ነበር» አለ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ



ከምሳ በፊት ሚሊሻው ደሞዝ እማማ ጥሩሐረግን ይዞ ቢሮ ገባ። ይዞ ማለት፣ እሱ ከፊት አንገቱን ደፍቶ፣ እሳቸው ከኋላ ዶማ ይዘው። ባለ በሬው እገዳውን ፈርቶ አላርስም ቢላቸው እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ማሳውን በዶማ እየቆፈሩ ማሽላ ዘርተዋል። ለብቻቸው። ስንት ጠዋት እንደፈጀባቸው እግዜር ይወቅ። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ደሞዝ። «ሰው ጠቆመ። ካላመጣሁ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

አቶ ቅጣው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ጠቆረ። ደንቡን አነበበ። እገዳ የጣሰ ይቀጣል፣ የተዘራውም ይገለበጣል፤ ለፖሊስ የሚላከውን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጇ ትፈርማለች። ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ።

«ነገ እፈርማለሁ» አልኩ።

«ደንቡ ዛሬ ነው የሚለው።»

«ማህተሙ ቀለም ጨርሷል።» ማህተሙ ቀለም አልጨረሰም። አቶ ቅጣውም ያውቃል፤ ዛሬ ጠዋት በእሱ ፊት ስመታ ነበር። ደንቡን ይዞ ወጣ።

እማማ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ቢሮው እስኪዘጋ ዋሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። እጃቸውን ልጠርግላቸው ስል እጄን ያዙኝ። «እኔ አንቺን ክርስትና ሳነሣ እንዲህ እጄ ላይ ነበርሽ» አሉ። «አትፍሪ። የፈለግሽውን ፈርሚ። ግን እነሱ ሲያጠፉ አንቺ ስለ ሁሉም አትሸከሚ።» እነሱ ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር።

አብሬያቸው እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው። ካቡ ጋ ስንደርስ ዶማቸውን አስደግፈው ዐረፉ። እኔ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ሰኔ 3

ጾም ላይ ነን፣ አባም እንደ ወትሮው ትንሽ ነው የሚቀምሱት። ቆይቼ ቆይቼ ድፍረቱ ሲመጣልኝ «አባ፣ በውይይቱ ቀን ሰው ይጠየቃል። እርስዎ ቢናገሩ እኮ…» አልኩ። ጨርሼ አላልኩትም።

«ካህን አይምልም» አሉኝ።

«ይማሉ ያለ የለም። የሚያስታውሱትን ቢናገሩ ነው።»

ሌላ ነገር አወሩ፣ ወይም ያው ነገሩን አወሩ። ቤተልሔሙ ጣሪያው እንደሚያፈስ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ከተማ ሄደው ዲያቆን እንደጠፋ። ባለፈው ሰንበት ከማዶ የመጡት ባይኖሩ ቅኔ ማኅሌቱ ባዶ ይሆን እንደነበር። «ማዶ ከሄደብኝ ለማን ነው የምቀድሰው? ለጋራዡ?» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፤ እሳቸውም አዩኝ። የቀረበላቸውን የወጥ ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

አውቃለሁ አላሉም። ይኼ ይመዝገብልኝ፤ አውቃለሁ አላሉም።

ሰኔ 13

ውይይቱ ነገ ነው። እማማ የዘሩት ማሽላ በቅሏል አሉ። ደሞዝ ነው የነገረኝ፤ ወደ እኔ ሳያይ፣ ብረቱን እየወለወለ። «ገልብጥ ካሉኝ እኔ አልገለብጥም፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለ። ደብዳቤው እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አቶ ቅጣው በየቀኑ አልፎ ያየዋል፣ ምንም አይልም። ከነገ ወዲያ ግን ይላል።

ባልናገር ምን ይሆናል? ምንም። ካርታው ይጸድቃል፣ እኔ በአዲሱ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ እቀጥላለሁ፣ አባ ምእመናቸውን ይዘው ያረጃሉ። ምናልባት ካሳውም ቶሎ ይመጣል። እንዲህ እያልኩ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ልጻፈው፣ እንደሆነው።

ውይይቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። የከተማው ሰዎች ከፊት ወንበር ላይ፣ የማዶ ሰው ከኋላ መሬት ላይ። አባ ከፊት ነበሩ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው። ሙሉሰው ካርታውን በሰሌዳው ላይ ሰቀለ፤ ስለ ቀጠና፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ መስመር አብራራ። አጨበጨቡ። አቶ ቅጣው «በወሰኑ ላይ አስተያየት ያለው?» አለ። እማማ ጥሩሐረግ ከኋላ ተነሡ፤ ወሰኑ ካቡ ጋ ነው አሉ፣ እምላለሁ አሉ። አቶ ቅጣው በትሕትና «እማማ፣ እርስዎ ባለ መሬት ነዎት። ሌላ ሰው?» አለ። ሌላ ሰው አልነበረም። የዚያን ጊዜ ሰዎች አብዛኞቹ አልቀዋል፣ የቀሩት በጦርነቱ ተሰደው አልተመለሱም።

ተነሣሁ።

«ወሰኑን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ። የመራሁት በታቦቱ መንገድ ነው። የአጥቢያ ወሰን እንጂ የቀበሌ ወሰን አይደለም።»

ሰው ተንጫጫ። አንዱ ሳቀ። የሙሉሰው ፊት ቀላ፤ ካርታው ሥራው ነው። «ታዲያ ትክክለኛው የት ነው? ማን ነው የሚያሳየን?» አለ። አቶ ቅጣው ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ። «አባ፣ እርስዎ የአገሩ ትልቅ ነዎት። ያስታውሳሉ?»

አባ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «አላስታውስም» አሉ።

እኔ ገና ቆሜ ነበር። ብቀመጥ ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። «አባ ያስታውሳሉ» አልኩ። «የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ።»

አባቴን በሕዝብ ፊት ውሸታም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረም፤ በሽተኛ ሐኪሙን እንደሚያይ ነው ያዩኝ። ከዚያ ለአቶ ቅጣው «ልጄ ካለች፣ እሷ ታሳያችሁ» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ወረድን። ሙሉሰው፣ አቶ ቅጣው፣ የማዶው ተወካይ፣ ከኋላ ሕዝቡ። ካቡን አሳየኋቸው። ከካቡ ሥር ሲቆፍሩ በሲሚንቶ የተተከለ የድሮ ምልክት ድንጋይ ተገኘ፤ ሙሉሰው «ይኼ እኮ እዚሁ ነበር» እያለ ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ እዚሁ ነበር። መስመሩ ወደ ካቡ ተመለሰ። የማዶ ሴቶች እልል አሉ። እኔ እልል አላልኩም።

ሰኔ 16

እገዳው ተነሣ። ደብዳቤውን ቀደድኩት። ከሥራዬ ለጊዜው ርቄ እንድቆይ፣ ጉዳዬ እስኪታይ፣ አቶ ቅጣው በቃል ነገረኝ። «ብጽፍልሽ ፋይልሽ ላይ ይቀራል» አለ። አመሰገንኩት። ቢሮውን ስቆልፍ ጨጓራዬ አላመመኝም፤ ነገሩ ገረመኝ።

አባ ቤት ውስጥ አያናግሩኝም። ጠዋት መስቀል ሲያሳልሙ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ በሩ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ቅዳሴ። ከማዶ የመጡት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ለማዶው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሲያመላልሱ ነው የዋሉት አሉ።

ሰኔ 29

ዛሬ ከሰዓት እማማ ጥሩሐረግ መጡ። ወንዙ ሞልቶ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል። የማሽላ ነገር አወሩኝ፤ አረሙ በዝቷል፣ ቡቃያው ግን ያምራል። እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብሰብ አደረጉና የመጡበትን ነገሩኝ።

የማዶ ቀበሌ ሰብስቦ ነግሯቸዋል። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ክረምቱ ሲወጣ ታቦት ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ ሰበካ ጉባኤያቸው፣ መዋጮአቸው፣ ቀብራቸውም እዚያ ነው። «ባለቤቴ እዚህ ገብርኤል ነው ያለው» አሉኝ። «ከጎኑ ቦታ አለኝ ብዬ ነበር። መሬቴን መለስሽልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን አየሽ ልጄ…» ጨርሰው አላሉትም። መስቀል ለመሳለም አባን ጠየቁኝ።

አባ ከጓዳ ወጡ፤ በዚህ ጊዜ በጓሮ በር አልሄዱም። በኽምጣንኛ አወሩ፣ ዝግ ብለው፣ የወጣትነታቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ። በመጨረሻ እማማ አለቀሱ፤ አባ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ እስከ ውጭ በር ሸኟቸው። በዝናብ አልፈው እስኪሰወሩ ድረስ ቆመው አዩአቸው።

ተመልሰው ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከውይይቱ ቀን ወዲህ ያናገሩኝ አሁን ነው።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ይኼን ነበር የፈራሁት» አሉ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ «ያን ቀን፣ ስታሳዪው፣ አውቅ ነበር» አሉኝ።

ጠበቁኝ። እንደምቆጣ፣ ወይም ምንም አይደለም እንደምላቸው ጠበቁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እኔም» አልኳቸው።